«ላይሰንስ ክፈሉ፣ አለዚያ እንከሳለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ወደ 1500 የሚጠጉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከአሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ደብዳቤ ደረሳቸው። ላኪው ኤስሲኦ ግሩፕ ይባላል። መልእክቱ ባጭሩ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ስርዓተ ክወና በሊኑክስ ውስጥ ያለ ፈቃድ የገባ የእኛ የዩኒክስ (የቆየ ስርዓተ ክወና) ኮድ አለ፣ ስለዚህ ሊኑክስን የሚጠቀም ሁሉ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል የሚል ነበር። የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ አልተጻፈም። በኦገስት ደግሞ ዋጋው ወጣ፤ ባለ አንድ ፕሮሰሰር ለሆነ ለእያንዳንዱ ሰርቨር 699 ዶላር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ማርች ላይ አይቢኤምን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ከስሶ ስለነበር ብዙ የአይቲ ኃላፊ ደንግጦ ወደ ጠበቃው ሮጠ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በማርች 2010፣ በዩታ የተሰየመ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) የዩኒክስ የቅጂ መብት ባለቤት ኤስሲኦ ሳይሆን ኖቬል የተባለ ሌላ የሶፍትዌር ኩባንያ መሆኑን ወሰነ። በ2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ደንግጠው የከፈሉ ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሰጡት ባለቤት ላልሆነ ሰው ነበር ማለት ነው፤ የጎረቤትን ቤት ኪራይ መጥቶ ለጠየቀ መንገደኛ እንደመክፈል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአንድ ድርጅት የአይቲ ክፍል ለምትሠሩ፣ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ላላችሁ፣ በግል ለደንበኞች ለምትሠሩ ሰዎች ነው። ዛቻ የያዘ ደብዳቤ ፍርድ አይደለም። ጠያቂው ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ መብቱ የማን ነው? የትኛው ኮድ ነው? እናንተስ በኮዱ ምን አደረጋችሁ? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ አንድ ሳንቲም መውጣት የለበትም። ከታች ያለው አካሄድ ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ዘንድ ስትቀርቡ ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ ያደርጋል።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያው ቀን

ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መዝግቡ። በኢሜይል ከመጣ ሙሉ ሄደሩን ጭምር አስቀምጡ፤ በፖስታ ከመጣ ፖስታውንም አትጣሉ። ምላሽ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም በጽሑፍ ብቻ። «እስቲ ደውዬ ልጠይቃቸው» ማለት ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን በስልክ ላይ «አዎ፣ በሃያ ሰርቨር ላይ ጭነነዋል» ብላችሁ የምትለቁት ቃል ኋላ የእምነት ቃል ሆኖ ይመጣባችኋል። ሠራተኞችም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ተያዝን» እያሉ እንዳይጻጻፉ ንገሩ።

ምንም ነገር አታጥፉ። ሶፍትዌሩን ከሰርቨር ላይ ነቅሎ ሎግ ማጽዳት ንጹሕ የሆነውን ሰው ጥፋተኛ ያስመስለዋል፤ በብዙ አገርም ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አሁን ያለውን ሁኔታ እንዳለ ኮፒ አድርጉና አስቀምጡ።

ከዚያ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ለዩ። ከግለሰብ ወይም ከጠበቃ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ የፍርድ ቤት መጥሪያ? መጥሪያ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁማችሁ ጠበቃ ፈልጉ፤ ቀኑ ካለፈ በሌላችሁበት ይወሰናል። አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2022 ጀምሮ እስከ 30,000 ዶላር የሚደርሱ የቅጂ መብት ጥያቄዎችን የሚያይ ቦርድ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሥር አለ። በእሱ በኩል ጥያቄ ከቀረበባችሁ መጥሪያው በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ «በዚህ ቦርድ መዳኘት አልፈልግም» ብሎ መውጣት ይቻላል። ዝም ካላችሁ ግን ጉዳዩ ይቀጥላል። ጀርመን ላላችሁ ደግሞ ዝምታ ከዚህም ይብሳል፤ በዚያ አገር ጠበቆች የሚልኩት ማስጠንቀቂያ አጭር ቀነ ገደብ አለው፣ ካለፈ ፍርድ ቤቱ እናንተን ሳይሰማ ጊዜያዊ እግድ ሊሰጥ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የጥያቄውን ዓይነት ለዩ

የሚመጡት ዛቻዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የኤስሲኦ ዓይነት ነው፤ «በነፃ የምትጠቀሙት ሶፍትዌር ውስጥ የእኔ ኮድ ተሰርቆ ገብቷል» የሚል። ሁለተኛው «ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ እናንተ ግን የላይሰንሱን ግዴታ አልፈጸማችሁም» የሚል ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከጂፒኤል ጋር፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያከፋፍል ሰው ሶርስ ኮዱንም (ፕሮግራመሩ የጻፈውን ጽሑፍ) እንዲሰጥ ከሚያስገድደው ላይሰንስ ጋር ይያያዛል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፦ «የጫናችሁት ነገር ክፍት ምንጭ አይደለም።»

በዚህ በሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አገር ቤትም ሆነ ውጭ አብዛኛውን ቢሮ የሚመለከተው እሱ ነው። ቨርቹዋልቦክስን (በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውሰዱ። ዋናው ፕሮግራም በጂፒኤል የተለቀቀ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከጎኑ የሚወርደው ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ግን የተለየ ላይሰንስ አለው፤ ለግል ጥቅም፣ ለትምህርትና ለሙከራ ነፃ ነው፣ ለድርጅት ሥራ ግን የሚከፈልበት ነው። ሁለቱ የሚወርዱት ከአንድ ገጽ ስለሆነ ሰው ሁለቱንም እኩል ነፃ አድርጎ ያያቸዋል። ጃቫም እንዲሁ ነው። ኦፕንጄዲኬ የሚባለው የጃቫ ነፃ ቅጂ በጂፒኤል የተለቀቀ ነው፤ የኦራክል የራሱ ጄዲኬ ግን ከ2019 ጀምሮ በአንዳንድ ቨርዥኖቹ ለንግድ ሥራ ክፍያ የሚጠይቅ ሆኗል። በጃንዋሪ 2023 የወጣው የዋጋ አሠራር ደግሞ ጃቫን የሚነካውን ሰው ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን ሠራተኛ በሙሉ ይቆጥራል፤ የትርፍ ሰዓትና ጊዜያዊ ሠራተኛ ሳይቀር። አናኮንዳ የሚባለው የፓይተን ፓኬጆች ስብስብም ከ2020 ወዲህ ከ200 በላይ ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች ዋናውን የፓኬጅ ማከማቻውን በክፍያ አድርጎታል፤ ኮንዳ ፎርጅ የሚባለው የማኅበረሰቡ ማከማቻ ግን በነፃ አለ።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ጃቫ የተጫነበት ማሽን ላይ ቨርዥኑን የሚያሳየውን ትእዛዝ ስጡ። «ኦፕንጄዲኬ ራንታይም ኢንቫይሮንመንት» የሚል መስመር ከወጣ ነፃው ነው። «ጃቫ ኤስኢ ራንታይም ኢንቫይሮንመንት» ካለ የኦራክል ነው፤ ያኔ ቁጥሩን ጻፉና በየትኛው ላይሰንስ እንደወጣ እዩ። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ደግሞ ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ ባዶ ከሆነ ፓኩ የለም ማለት ነው። ይህን በየማሽኑ አድርጉና በሠንጠረዥ አስፍሩ። ጠያቂው «ከእናንተ አይፒ አድራሻ ወርዷል» ቢል፣ መውረድና ለንግድ ሥራ ላይ መዋል የተለያዩ መሆናቸውን የምታሳዩት በዚህ ሠንጠረዥ ነው።

ደረጃ 3፦ በኮዱ ምን አደረጋችሁ?

ሁሉም ነገር የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። መጠቀምና ማከፋፈል ለየብቻ ናቸው።

ሊኑክስ የሚተዳደርበት ጂፒኤል ቁጥር 2 ፕሮግራሙን ማስኬድ አልተገደበም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ቁጥር 3 ደግሞ ኮፒ ለመቀበልና ለማስኬድ ላይሰንሱን መቀበል እንኳ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ ኡቡንቱ ጭናችሁ የሒሳብ ሥራ የምትሠሩበት፣ ድረ ገጻችሁን የምታስኬዱበት ከሆነ፣ «ጂፒኤልን ጥሳችኋል» የሚል ሰው ገና ከመነሻው ችግር አለበት። ኮዱን ለራሳችሁ ለውጣችሁ በቤታችሁ ብትጠቀሙበትም ለማንም የማሳየት ግዴታ የለባችሁም።

ግዴታው የሚመጣው ኮፒው ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ነው። የሞባይል አፕ ለደንበኛ ስታወርዱ፣ የዶከር ኢሜጅ ስትሰጡ፣ ሶፍትዌሩን ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ስትሸጡ አከፋፋይ ናችሁ። ራውተር ወይም የዲሽ ሪሲቨር ከውጭ አስመጥቶ የራሱን አርማ ለጥፎ የሚሸጥ ነጋዴም፣ ውስጡ ሊኑክስ ካለ፣ አከፋፋይ ነው፤ «እኔ ፕሮግራም አልጻፍኩም» ማለቱ አያድነውም። ሶርስ ኮዱን አብሮ መስጠት ወይም ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና «ለጠየቀ ሁሉ እንሰጣለን» የሚል የጽሑፍ ቃል ከዕቃው ጋር ማያያዝ አለበት።

በዚህ መካከል ያለው አንድ ነገር ኤጂፒኤል ነው። በዚህ ላይሰንስ የወጣን ሶፍትዌር ለውጣችሁ በኔትወርክ ለሌሎች ሰዎች አገልግሎት ከሰጣችሁበት፣ ኮፒ ባትሰጡም የለወጣችሁትን ሶርስ ኮድ ለተጠቃሚዎቹ ማቅረብ አለባችሁ። ሳትለውጡ ካስኬዳችሁት ይህ ግዴታ አይነሣም።

ሌላው ሰው ስለማያውቀው በከንቱ የሚፈራው ነገር አለ። ራውተሩን የሸጠላችሁ ፋብሪካ ጂፒኤልን ጥሶ ቢገኝ የእናንተ የመጠቀም መብት ይጠፋል? አይጠፋም። ላይሰንሱ ራሱ፣ ከጣሹ ሰው የተቀበሉ ወገኖች እስካከበሩት ድረስ መብታቸው እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። እያንዳንዱ ተቀባይ ፈቃዱን የሚያገኘው ከሻጩ ሳይሆን በቀጥታ ከደራሲዎቹ ነው። ተጠቃሚን ለመጠበቅ ተብሎ የተጻፈ አንቀጽ ነውና ደብዳቤ ላይ ጥቀሱት።

ደረጃ 4፦ ባለመብቱ ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የኤስሲኦ ነገር ሥሩ በ1995 ኖቬል የዩኒክስን ንግድ ሲሸጥ የተፈረመው ውል ነበር። ገዢው የመጀመሪያው ሳንታ ክሩዝ ኦፐሬሽን ነው፤ ኤስሲኦ ግሩፕ፣ ቀድሞ ካልዴራ ይባል የነበረው፣ ንግዱን ያገኘው ከዚያ ነው። የቅጂ መብቱ አብሮ ተሽጧል ወይስ አልተሸጠም? ኤስሲኦ ለዓለም ሁሉ ደብዳቤ ሲበትን ይህ ጥያቄ አልተቋጨም ነበር። ኖቬል ገና በሜይ 2003 «አልሸጥኩም» ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ይህን ብቻ ያነበበ የአይቲ ኃላፊ ቼኩን በመሳቢያው ያቆየዋል።

ስለዚህ የሰንሰለቱን ሰነድ ጠይቁ፦ ኮዱን ማን ጻፈ፣ ማን ቀጥሮት ነበር፣ መብቱ በየትኛው ውል ለማን ተላለፈ። ደብዳቤውን የጻፈው ወኪል ከሆነ የውክልና ሥልጣኑን ያሳይ። የአሜሪካ ሥራ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እንደወሰነው የአገሩ ሥራ ሳይመዘገብ ክስ አይከፈትም። በኢትዮጵያ ግን ምዝገባ ግዴታ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ስለሆነ፣ «አልተመዘገበም» የሚለው ክርክር እዚህ አያዋጣም። ጠያቂው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን የተሰጠ የምስክር ወረቀት ይዞ ከመጣ ደግሞ ወረቀቱ ስለየትኛው ሥራና ቨርዥን እንደሆነ አንብቡ።

ብዙ ሰው በጻፈው ሶፍትዌር ላይ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። አንድ የታወቀ የሊኑክስ ከርነል ገንቢ በ2015 ቪኤምዌር የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ሃምቡርግ ላይ ከሶ ነበር። ክሱ ከልብ የመነጨ፣ በሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ (የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋች ድርጅት) የተደገፈ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በ2016 ውድቅ አደረገው፤ ከሳሹ በተከሳሹ ምርት ውስጥ ያለው የትኛው የራሱ ኮድ እንደሆነ ለይቶ አላሳየም በሚል። በ2019 ይግባኙም አልተሳካለትም። ከልቡ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ማስረዳት ከተጠየቀ፣ ባዶ ዛቻ የላከላችሁ ሰውም ይጠየቅ።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር፦ ጠያቂው ራሱ ያንን ኮድ በነፃ ላይሰንስ ለቆት ያውቃል? ኤስሲኦ ሊኑክስን በጂፒኤል ሲያከፋፍል የኖረ ድርጅት ነበር። የጠያቂውን የቆዩ ልቀቶች ፈልጉና ኮፒ ያዙ።

ደረጃ 5፦ ኮዱ የትኛው ነው? ከየትስ መጣ?

በኦገስት 2003 ኤስሲኦ በላስ ቬጋስ ባደረገው ጉባኤ «ተሰረቀ» ያለውን ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በስክሪን አሳየ። እንዳይነበብ ብሎ ከፊሉን በግሪክ ፊደል ለውጦታል። አንድ የጀርመን መጽሔት ፎቶ አንሥቶ አወጣው፤ የዓለም ፕሮግራመር በቀናት ውስጥ ምንጩን አገኘው። አንደኛው ሜሞሪ የሚያከፋፍል አሮጌ የዩኒክስ ኮድ ነበር፤ ካልዴራ ራሱ በ2002 በነፃ ላይሰንስ ከለቀቀው ከጥንቱ ዩኒክስ ጋር ይገጥማል። ሌላው ከበርክሌይ የመጣው የፓኬት ማጣሪያ ነው፤ እሱ ከመነሻውም የኤስሲኦ አልነበረም፣ የሊኑክሱም ቅጂ ለብቻው የተጻፈ ነበር። ትንታኔውን በይፋ ካወጡት አንዱ የታወቀው የክፍት ምንጭ ፕሮግራመር ብሩስ ፔረንስ ነው። ጠያቂ ኮዱን የሚደብቀው ሲታይ ስለሚፈርስ ሊሆን ይችላል፤ እኔ «ምስጢር ነው፣ አናሳይም» የሚል ጠያቂ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

በቅርቡ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አርአያ አለ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ ቴራፎርም የሚባለውን የሰርቨር ማስተዳደሪያ መሣሪያ በኦገስት 2023 ከኤምፒኤል (ክፍት ምንጭ ላይሰንስ) ወደ ቢኤስኤል (አጠቃቀምን የሚገድብ ላይሰንስ) ሲያዛውር፣ ኦፕንቶፉ የሚባል ቅርንጫፍ ከመጨረሻው የኤምፒኤል ኮድ ተነሥቶ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተቋቋመ። በኤፕሪል 2024 ሃሺኮርፕ «በአዲሱ ላይሰንስ ያወጣነውን ኮድ ወስዳችኋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ነገሩ «ሪሙቭድ» ስለሚባለው ብሎክ (የፕሮግራሙ አንድ ክፍል) ነበር። የኦፕንቶፉ ሰዎች አልተሳደቡም፣ አልሮጡምም። ተመሳሳይ የተባለውን እያንዳንዱን ክፍል አንሥተው፣ ከየትኛው አሮጌ የኤምፒኤል ፋይል፣ ከየትኛው የ«ሙቭድ» ብሎክ ኮድ እንደመጣ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከሳምንት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ሰነዱን በይፋ አወጡ። ሁለቱ ኮዶች የሚመሳሰሉት ሁለቱም ከአንድ የቀድሞ ኮድ ስለወጡ ነው የሚል ነበር መልሳቸው። እንዲህ ያለ መልስ መስጠት የቻሉት በጊት (የኮድ ለውጥን ሁሉ በሚመዘግበው መሣሪያ) ያለው ታሪካቸው ንጹሕ ስለነበር ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የተጠቀሰውን ፋይል በጊት ሎግና በጊት ብሌም ፈትሹ፤ መስመሩ መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ኮሚት እንደገባ ጻፉ። ከውጭ የመጣ ላይብረሪ ከሆነ የገባበትን ቨርዥን አግኙና በዚያ ቨርዥን ውስጥ ያለውን የላይሰንስ ፋይል አንብቡ። ዛሬ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ያኔ የነበረውን! ፕሮጀክት ላይሰንሱን ሲለውጥ የሚለወጠው ለሚቀጥለው ልቀት ነው፤ ቀድሞ በነፃ የተለቀቀው ቨርዥን በተለቀቀበት ላይሰንስ ይቀጥላል። ቴራፎርም እስከ 1.5 ያለው በኤምፒኤል ነው፣ ያንን ማንም ወደኋላ ተመልሶ አይወስድባችሁም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው መልስ

አጭር፣ ጨዋ፣ ምንም ጥፋት የማያምን ደብዳቤ ይሁን። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ በምትጻጻፉበት ቋንቋ አስገቡትና ጠበቃችሁ ይየው፦

«በ… ቀን የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። ጉዳዩን መርምረን መልስ ለመስጠት እንድንችል የሚከተሉትን እንዲልኩልን እንጠይቃለን። 1ኛ፣ መብቱ ተጥሷል የሚሉትን ሥራ ስም፣ ቨርዥን፣ ፋይልና መስመር። 2ኛ፣ ባለመብት መሆንዎን የሚያሳይ ሰነድ፤ በውክልና ከሆነ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ። 3ኛ፣ ድርጅታችን ፈጽሞታል የሚሉት ድርጊት ምን፣ መቼና የት እንደተፈጸመ። 4ኛ፣ ተጥሷል የሚሉትን የላይሰንስ አንቀጽ። ይህ ደብዳቤ ማናቸውንም ኃላፊነት እንደማመን አይቆጠርም፤ መብታችን ሁሉ የተጠበቀ ነው።»

ብዙ ዛቻ እዚህ ላይ ይሞታል። መልስ ካልመጣ እናንተ አትቀስቅሱት፤ ፋይሉን ግን ያዙ። «ገብታችሁ የሰርቨሮቻችሁን ዝርዝር የሚያወጣ ስክሪፕት አስኪዱና ውጤቱን ላኩልን» ካሉ ደግሞ፣ የመመርመር መብት የሚሰጣቸው የፈረማችሁት ውል መኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ። ውል ከሌለ ግዴታም የለም።

ደረጃ 7፦ ጥፋቱ በእርግጥ የእናንተ ከሆነ

ሶርስ ኮድ መስጠት ኖሮባችሁ ካልሰጣችሁ፣ አስተካክሉ፤ ወዲያውኑ። ነፃ ሶፍትዌርን ለሰጡን ሰዎች የምንከፍለው ዋጋ ይህ ብቻ ነውና ቸል መባሉ ያሳዝነኛል። ሕጉም ላስተካከለ ሰው ደግ ነው። በጂፒኤል ቁጥር 3 ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ቁጥር 2 ግን ጥብቅ ነው፤ በጣሳችሁበት ቅጽበት መብቱ ይቋረጣል። ይህ ለቀማኞች በር እንዳይከፍት ብለው በኦክቶበር 2017 ብዙ የከርነል ገንቢዎች ያንኑ የ30 ቀን ዕድል በቁጥር 2 ላይም እንደሚሰጡ በጋራ መግለጫ ቃል ገቡ፤ በቀጣዩ ወር ሬድ ሃት፣ አይቢኤም፣ ጉግልና ፌስቡክም ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። ደብዳቤ የላከላችሁ ሰው ከፈራሚዎቹ አንዱ መሆኑን ፈልጉ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው፦ የሸጣችሁትን ፈርምዌር በትክክል ከዚያው ቨርዥን የሚገነባ ሶርስ ኮድ አዘጋጁ፣ የመገንቢያ ስክሪፕቱን ጨምሩ፣ ሌላ ሰው በሌላ ማሽን ላይ ገንብቶ እንዲያየው አድርጉ፣ ከዚያ ማውረጃውን በምርቱ ገጽ ላይ አስቀምጡና የላይሰንሱን ጽሑፍ ከዕቃው ጋር አያይዙ። ከቻይና የገዛችሁት ከሆነ አቅራቢው ኮዱን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ካልሰጠ ሽያጩን አቁሙ።

ደረጃ 8፦ ፊርማ

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው እዚህ ላይ ነው። የጀርመን ተሞክሮ እንዲህ ነበር። የኔትፊልተር (የሊኑክስ የኔትወርክ ማጣሪያ ክፍል) ገንቢ የነበረ አንድ ሰው ለኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ይልካል። ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ የሚጠየቀውም ገንዘብ ትንሽ ነው። ከደብዳቤው ጋር «ዳግመኛ አንጥስም፣ ብንጥስ ይህን ያህል መቀጫ እንከፍላለን» የሚል ግዴታ አብሮ ይመጣል። ኩባንያው «ይገላግለን» ብሎ ይፈርማል። ከወራት በኋላ ሰውየው ሌላ ትንሽ ጉድለት ይዞ ይመለሳል፤ አሁን ጥያቄው የቅጂ መብት ሳይሆን የውል መቀጫ ሆኗል። የኔትፊልተር ዋና ቡድን ራሱ በ2016 ከአባልነት አገደው። በ2018 የኮሎኝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፊት በነበረው አንድ ጉዳይ ማመልከቻውን አነሣ። በ2022 ደግሞ ከፕሮጀክቱ ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በኔትፊልተር ስም የሚደረግ የመብት ማስከበር ሥራ በአብላጫ ድምፅ እንዲወሰን ሆነ።

የተላከላችሁን ቅጽ እንዳለ አትፈርሙ። መፈረም ካለባችሁ ጠበቃችሁ ያጥብበው፦ ለአንድ ምርት፣ ለአንድ ፋይል፣ የማስተካከያ ጊዜ ተሰጥቶት። ከልቡ የሚያስከብርንና ገንዘብ የሚለቅምን ሰው የምለየው በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲና ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2015 ባወጡት መርሕ ከገንዘብ በፊት ላይሰንሱ መከበሩ ይቀድማል ብለዋል። ሶርስ ኮዱን የሚጠይቅ ሰው ወዳጅ ነው፤ መልሱን ቶሎ ስጡት። ፊርማና የባንክ ዝውውር ብቻ የሚጠይቀውን ግን ረጋ ብላችሁ ያዙት።

ደረጃ 9፦ ከመክፈል በፊት

በማርች 2004 ኢቪ1ሰርቨርስ የተባለ የሂውስተን ሆስቲንግ ድርጅት ከኤስሲኦ ላይሰንስ ገዛ። ደንበኞቹ ተቆጡ፤ ኃላፊውም ቆየት ብሎ ድጋሚ ቢሆን እንደማያደርገው በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ወር ኤስሲኦ ሁለት ተጠቃሚዎችን ከሰሰ፦ የመኪና መለዋወጫ ሻጩን አውቶዞንን እና ዳይምለርክራይስለርን። በዳይምለርክራይስለር ላይ የቀረበው ክስ አብዛኛው ክፍል በጁላይ ውድቅ ተደረገ። ኤስሲኦ ራሱ በሴፕቴምበር 2007 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ።

ማን ከጎናችሁ እንዳለ እዩ። ሬድ ሃት ወይም ሌላ ድርጅት በክፍያ ድጋፍ የሚሰጣችሁ ከሆነ ውሉን አውጡና ስለ አእምሯዊ ንብረት ጥያቄ ኃላፊነት የሚወስድበት አንቀጽ እንዳለ ፈልጉ፤ ካለ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሰሞን ማሳወቅ አለባችሁ። የፕሮጀክቱን ገንቢዎችም በግል ጻፉላቸው፤ ያው ደብዳቤ ለሌሎች መቶ ሰዎች ተልኮ ሊሆን ይችላል። አውሮፓ ላይ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አውሮፓ ስለ ላይሰንስ ጥያቄዎች ይመልሳል።

የኤክስቴንሽን ፓኩን ወይም የኦራክሉን ጄዲኬ በእርግጥ ለሥራ ተጠቅማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ነፃው ቀይሩ። ድርድሩ ከዚያ በኋላ ላለፈው ጊዜ ብቻ ይሆናል። ለወደፊት የሦስት ዓመት ኮንትራት ላለፈው ካሣ ተብሎ ሲቀርብላችሁ ሁለቱን ለያይታችሁ ዋጋቸውን ጠይቁ።

ኮዳችሁ ከጊትሃብ ላይ ከተነሣ

ይህኛው ፈጣን ነው። በአሜሪካ ሕግ ባለመብት ነኝ ባይ ጥያቄ ሲያቀርብ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ኮዱን ከገጹ ያነሣዋል። እናንተ ደግሞ መቃወሚያ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ጠያቂው ክስ ካልከፈተ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። በኦክቶበር 2020 የተነሣው ዩቲዩብ ዲኤል የሚባለው የቪዲዮ ማውረጃ ፕሮግራም በኖቬምበር ተመልሷል፤ ጊትሃብም በዚያው ለገንቢዎች መከላከያ አንድ ሚሊዮን ዶላር መደበ። ብቸኛው ማሳሰቢያ፣ መቃወሚያው እውነት ስለመሆኑ በሕግ ቃል የምትገቡበትና ስማችሁና አድራሻችሁ ለጠያቂው የሚደርስበት ነው፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትላኩት።

ፋይሉን ስትዘጉ

ጉዳዩ በስምምነት ካለቀ ስለዚያ ምርትና ስላለፈው ጊዜ ምንም ተጨማሪ ጥያቄ እንደሌለው የሚገልጽ፣ በባለመብቱ ራሱ የተፈረመ ጽሑፍ ተቀበሉ፤ ያለ እሱ ገንዘብ አይልቀቅ። ከዚያ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር ዝርዝር በኤስፒዲኤክስ (የሶፍትዌርና የላይሰንስ ዝርዝር መመዝገቢያ) ቅርጸት አዘጋጁ። ስካንኮድና ፎሶሎጂ የሚባሉት በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች ፋይሎቻችሁን አስሰው የላይሰንሶቹን ስም ያወጡላችኋል። በዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ስሙን፣ ቨርዥኑን፣ የወረደበትን ቀንና ቦታ፣ በዚያ ቀን የነበረውን የላይሰንስ ጽሑፍ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ደብዳቤ የሚደርሰው ምናልባት እናንተ ከዚያ መሥሪያ ቤት ከለቀቃችሁ በኋላ ነውና ፋይሉ የት እንዳለ ለተተኪው በርክክብ ሰነድ ላይ ጻፉለት።